አዲስ የተቀባ በር ሲላጥ፦ መጠገን፣ መፋቅ ወይስ በሩን መቀየር?

በሩ ከተቀባ ገና ወሩ ነው። እጀታው አካባቢ ቀለሙ ተነስቷል፤ በጥፍር ሲይዙት እየተሳበ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው «ቀለሙ አይረባም» ይልና ሌላ፣ ወደድ ያለ ቀለም ፍለጋ ይሄዳል። ቀለሙ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። ቀለም የሚላጠው የሚይዘው ነገር ሲያጣ ነው፤ የሚይዘው ደግሞ ከሥሩ ያለው ገጽ ነው። ከሥሩ ቅባት፣ አቧራ ወይም ሳይፈገፈግ የቀረ የድሮ አንጸባራቂ ቀለም ካለ፣ የገበያውን ምርጥ ቢቀቡበትም ዞሮ ዞሮ ይላጣል።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከቀለም ሱቅ ሳይሆን ከበሩ ነው። ምን ያህሉን ላንሳ? የተላጠውን ብቻ? አዲሱን ቀለም በሙሉ? እስከ እንጨቱ? ወይስ በሩን ራሱ መቀየር ይሻላል? አራቱ መንገዶች በድካምም፣ በወጪም፣ በጊዜም በጣም ይራራቃሉ። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚነግራችሁ የተላጠው ቁራጭ ነው።

ልጣጩን ገልብጣችሁ እዩት

የስፓቱላ ጫፍ አስገብታችሁ ሰፋ ያለ ቁራጭ አንሱ። መስኮት አጠገብ ውሰዱትና ጀርባውን እዩ።

ጀርባው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ በሩ ላይ የቀረው የድሮ ቀለምም ምንም ሳይነካ ከተቀመጠ፣ ሁለቱ ቀለሞች ጨርሶ አልተያያዙም ማለት ነው። ከሁሉ የሚበዛው ችግር ይሄ ነው። የድሮው በር በዘይት ቀለም ተቀብቷል። ዘይት ቀለም ደርቆ ሲጠና እንደ ብርጭቆ ጠንካራና ለስላሳ ይሆናል። ቀቢው በላዩ የውሃ ቀለም ደረበበት፤ አልፈገፈገውም፣ ፕራይመርም (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ፣ ቀለሙን ከገጹ ጋር የሚያያይዝ ቅብ) አላደረገበትም። ውሃው ሲተን ቀለሙ ስስ ሽፋን ሆኖ ላዩ ላይ ብቻ ቀረ። መጀመሪያ የሚለቀው እጅ የሚበዛበት ቦታ ነው፤ ከዚያ እየሰፋ ይሄዳል።

ጀርባውን በጣት ስትነኩት ነጭ ዱቄት ከያዘ፣ የስቱኮ ወይም የጀሶ ብናኝ ነው። ወይ ስቱኮው ከተፈገፈገ በኋላ አቧራው በደንብ አልተጠረገም፣ ወይ ደግሞ ለግድግዳ የሚሆን ጀሶ በር ላይ ተለጥፏል። ጀሶ ፈሳሽ ቶሎ ይመጥጣል። ቀለሙ ገና ሳይያያዝ ፈሳሹን ይወስድበታል። ጀሶ በነበረበት ቦታ ላይ ብቻ ክብ ክብ እየሆነ ከተላጠ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ቁራጩ ሁለትና ሦስት ንብርብር ይዞ ተነስቶ እንጨቱ ራቁቱን ከቀረ፣ ችግሩ ከአዲሱ ቀለም በፊትም የነበረ ነው። የድሮው ቀለም ራሱ ለቆ ነበር። አዲሱ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እየተኮማተረም የላላውን የድሮ ቀለም ስቦ ያነሳዋል። ጀርባው ላይ የእንጨት ጭረት ካለ፣ የበሩ ታችም አበጥ ካለ፣ ጉዳዩ እርጥበት ነው።

የት እንደተላጠም ተመልከቱ። የኩሽና በር ላይ የሚላጠው ብዙ ጊዜ በሰው ደረትና ወገብ ከፍታ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ የሚነሳው የዘይት ተን በሩ ላይ እያረፈ ስስ ሽፋን ይሠራል። በዓይን አይታይም። ላርጎ ያለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ነክራችሁ ገና ያልተቀባ የኩሽና በር ላይ ሁለቴ ብታሹ፣ ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ይመለሳል። ቀለም እንዲይዝ የምንጠብቀው ያ ላይ ነው። እጀታ አካባቢም ያው ነው፤ የእጅ ላብ፣ የጸጉርና የገላ ቅባት ለዓመታት ሲጠራቀም ኖሯል። ዕጣን በየቀኑ የሚጨስበት ክፍልም ከዚህ አያመልጥም።

ቀለሙ የለቀቀው በሩና መቃኑ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። በሩ ሳይጠና ተዘግቷል። ሁለቱ ትኩስ ገጾች ተጣበቁ፣ ጠዋት ሲከፈት አንዱ የሌላውን ይዞ ተነሳ። የቀረው የበሩ ገጽ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ፈተናዎች ከመወሰናችሁ በፊት

የመጀመሪያው ከሥር ያለው ዘይት ቀለም ይሁን ውሃ ቀለም የሚለይ ነው። ከኮሮና ወዲህ ከየቤቱ የማይጠፋው አልኮል ይበቃል። ትንሽ ቦታ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። ጥጥ በአልኮሉ ነክራችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹ። ቀለሙ ወደ ጥጡ ከመጣና ቦታው መጣበቅ ከጀመረ ውሃ ቀለም ነው። ምንም ካልሆነ ዘይት ቀለም ነው። ፈተናውን የተላጠው ሥር ባለው የድሮ ቀለም ላይም፣ በአዲሱ ላይም አድርጉት። ሁለቱ ከተለያዩ ምክንያቱን ግማሽ በግማሽ አገኛችሁት።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ያልተላጠው ክፍል ይቆይ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ያልተላጠ ቦታ ምረጡ። በስለታም ምላጭ 6 መስመር ወደ ታች፣ 6 መስመር ወደ ጎን ጭረቱ፤ በመስመሮቹ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ምላጩ ቀለሙን እስከ ሥሩ መቁረጥ አለበት። በሚገባ የሚይዝ ስኮች ለጥፋችሁ በጣት እሹትና በአንድ ጊዜ ሳቡት። የቀለም ላቦራቶሪዎች ይህንኑ የሚያደርጉት አይኤስኦ 2409 በሚባል መለኪያ ነው፤ ውጤቱን ከ0 እስከ 5 ይሰጡታል። ለቤት ግን ቁጥሩ አያስፈልግም። ትናንሾቹ ካሬዎች በቦታቸው ከቀሩ ቀለሙ ይዟል። ከስኮቹ ጋር ከመጡ፣ ዛሬ ያልተላጠው ነገ መላጡ አይቀርም።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ አትፈትኑ። የበሩ መሃል፣ እጀታው አጠገብ፣ ከታች ጠርዙ ጋ፣ መቃኑ ላይም አድርጉት። ብዙ ጊዜ በሩና መቃኑ የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ።

የተላጠውን ብቻ መጠገን

ስኮቹ በሁሉም ቦታ ንጹሕ ሆኖ ከመጣና የተላጠው አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ጥገና ይበቃል። የላላውን ሁሉ ፋቁ፤ ጠንካራው ቀለም ጋ ሲደርስ ስፓቱላው ራሱ ይቆማል። ጠርዙን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ180 ፈግፍጉት፤ ከሥሩ የድሮ ዘይት ቀለም ካለ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ እያረጠባችሁ። በጣት ሲዳሰስ ደረጃ የማይሰማ እስኪሆን ድረስ። እጥበት፣ ማድረቅ፣ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም።

የጥገና ድክመቱ መታየቱ ነው። ቦታውን ብቻ ቀብታችሁ ብትተዉት፣ የቀለሙ ቁጥር አንድ ቢሆንም እንኳ ከጎን ብርሃን ሲመታው ይለያል። ለዚህ የሚረዳው አንድ ዘዴ አለ፦ ከፕራይመሩ በኋላ የበሩን ያንን ገጽ በሙሉ ከጫፍ ጫፍ አንድ እጅ መቀባት። ሥራው ብዙ አይጨምርም።

የስኮቹ ፈተና መጥፎ ከሆነ ግን ጥገናን አልመክርም። ርካሽ ይመስላል። የተጠገነው ቦታ ዳር ዳሩ በሚቀጥለው ወር ይነሳል፤ እንደገና ፋቅ፣ እንደገና ቀባ። የቀቢው ዋጋ ሦስቴ ሲከፈል ርካሽነቱ የለም።

አዲሱን ቀለም በሙሉ አንስቶ ከድሮው ላይ መጀመር

ለአብዛኛው የተላጠ በር የምመክረው ይሄንን ነው። አዲሱ ቀለም ከድሮው ጋር ካልተያያዘ፣ ሲነሳም አያስቸግርም። ሰፊ ስፓቱላ ይዛችሁ ከተላጠው ቦታ ጀምራችሁ ስትገፉት በሰፊው እየተጠቀለለ ይመጣል። አንዳንድ በር ላይ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከሥሩ የሚገኘው የድሮ ዘይት ቀለም ጠንካራ ከሆነ፣ እሱ ራሱ ጥሩ መሠረት ነው። የጎደለው መሻከር ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ብዙ ቀቢዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ነው። መጀመሪያ ይታጠባል፣ ከዚያ ይፈገፈጋል። ቅባቱ ሳይነሳ ብርጭቆ ወረቀት ከተያዘ፣ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ይከተዋል እንጂ አያነሳውም። በላርጎና ለብ ባለ ውሃ እጠቡ። በንጹሕ ውሃ ደግሞ ሁለቴ አለቅልቁ፤ የሳሙና ቅሪትም እንደ ቅባት ቀለም ያስለቅቃል። በረኪና ለዚህ አይሆንም፤ ቅባት አያነሳም። ከዚያ በ180 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ገጹን እያረጠባችሁ ፈግፍጉት፤ የድሮ ዘይት ቀለም በደረቁ የማይፈገፈግበትን ምክንያት ከታች ታገኙታላችሁ። ቀለሙን መጨረስ አይጠበቅባችሁም። ሲደርቅ ብልጭታው ጠፍቶ ገጹ ወጥ በሆነ መልኩ ደብዘዝ ካለ ደርሷል። ከጎን በባትሪ መብራት ብታዩት የቀረ የሚያብረቀርቅ ቦታ ወዲያው ይለያል። በማጠፊያው አካባቢ፣ በክፈፉ ማዕዘኖችና በጉድጓድ ጌጦች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ወረቀቱን አጥፋችሁ በጣት ግቡበት።

ከዚያ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። ደረቅ ጨርቅ አቧራውን ከቦታ ቦታ ያዞረዋል።

እስከ እንጨቱ መፋቅ

ይህ አድካሚው መንገድ ነው። የሚያስፈልገው የድሮው ቀለም ራሱ ሲለቅ፣ ወይም ንብርብሩ በዝቶ የበሩ ጌጥ ሲሞላና በሩ መቃኑ ውስጥ ሲጠብ ነው። ወፍራም፣ የጥድ ወይም የዋንዛ፣ የድሮ ሙሉ እንጨት በር ያለው ሰው ይሄን ቢያደርግ አይቆጭም። ከሥሩ የሚወጣው እንጨት ቫርኒሽ ብቻ የሚበቃው ሊሆን ይችላል።

የኮንዶሚኒየም ዓይነት፣ ውስጡ ባዶ የሆነና ላዩ ኮምፔርሳቶ የሆነ በር ግን ሌላ ነው። የኮምፔርሳቶው የላይኛው ልባስ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ማሽን ይዞ እንጨቱ እስኪታይ የሚፈገፍግ ሰው በአንድ አፍታ ይበሳዋል። የሙቀት ማሽንም ሙጫውን ስለሚያላላ ልባሱ ያብጣል። ለእንዲህ ያለ በር እስከ እንጨቱ መፋቅን አልመርጥም።

በኬሚካል ማስለቀቅ ለሚያስቡ አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ማስለቀቂያ ቀለምን በፍጥነት ያነሳል፤ ነገር ግን በተዘጋ ክፍል ሰው ገድሏል። የአውሮፓ ኅብረት ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ አግዷል። አሜሪካም በ2019 እ.ኤ.አ. እንዲሁ አደረገች። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ይህ ስም ካለበት ቤት ውስጥ አትክፈቱት።

የድሮ ቀለም የመፋቅ ሌላው አደጋ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ነው። በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ዘይት ቀለሞች ውስጥ ሲጨመር ኖሯል። በኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ መጠኑ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ተገድቧል። ከዚያ በፊት የተቀባ በር ግን ያለውን ይዞ ተቀምጧል። በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው፤ በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት የገዛችሁም ይሄው ይመለከታችኋል። ሊድ በትንሹም የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ የድሮ ዘይት ቀለም በደረቁ አይፈገፈግም። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ተጠቀሙ፤ ገጹን እያረጠባችሁ፣ ጭቃ መሰሉን በጨርቅ እየሰበሰባችሁ። ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፉ። ልጆችና ነፍሰ ጡር እናት ሥራው አልቆ ቤቱ በእርጥብ ጨርቅ እስኪጸዳ ሌላ ቦታ ይዋሉ። ጨርቁን ጣሉት፤ ከሌላ ልብስ ጋር አትጠቡት።

በሩን መቀየር

የመታጠቢያ ቤት በር ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ከሆነና ታችኛው ጠርዝ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ፣ ምንም ቀለም አያድነውም። ያበጠ ኤምዲኤፍ ወደ ቦታው አይመለስም። እዚህ ገንዘብ በቀለም ላይ አታባክኑ። አዲስ በር ስታስገቡ ግን ሳይሰቀል በፊት የታችኛውንና የላይኛውን ጠርዝ በዘይት ፕራይመር ሁለት እጅ አስቀቡ። ማንም የማያየው ጠርዝ ስለሆነ ሳይቀባ ይቀራል። ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

ፕራይመር፦ ለመቆጠብ የማይመቸው

ብዙ ቀቢ «ቀለሙ ራሱ ፕራይመር አለው» ይላል። የተፈገፈገ የድሮ ውሃ ቀለም ላይ ሌላ ውሃ ቀለም ለመድረብ ከሆነ ይስማማኛል። የድሮ ዘይት ቀለም ላይ፣ ራቁት እንጨት ላይ ወይም ስቱኮ ላይ ግን አይሆንም።

የዘይት ፕራይመር በእነዚህ በሦስቱም ላይ ይይዛል። እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ የእንጨት ሙጫና የጭስ እድፍ ወደ ላይ እንዳይወጣ ያግዳል። ከላዩ ዘይትም ውሃም ቀለም ይቀበላል። ሽታው ያስቸግራል፤ አንድ ሌሊት ማደር አለበት። ለሚያብረቀርቅ ገጽ የተሠራ የውሃ ፕራይመር ደግሞ ሽታ የለውም፣ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል። ጥሩው ዓይነት የድሮ ዘይት ቀለም ላይ በደንብ ይይዛል። ለግድግዳ የሚሸጠው የውሃ ፕራይመር ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ ስሙ ስለተመሳሰለ አትግዙት። ሱቅ ውስጥ «የዘይት ቀለም ላይ የሚሆን» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጣሳው ላይም ይህ መጻፉን እዩ።

የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ ልጆች ባሉበትና ክፍሉን መልቀቅ በማይቻልበት ቤት የውሃውን። ለኩሽናና ለመታጠቢያ ቤት በር የዘይቱን።

ዘይት ቀለም ወይስ ውሃ ቀለም?

ዘይት ቀለም በር ላይ ያምራል። ከብሩሽ በኋላ ራሱ ይደላደላል፤ የብሩሽ መስመር ሳያስቀር ይደርቃል። ጠንካራ ነው፣ መታጠብ ይችላል። ነገር ግን ነጩ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ቢጫ ይሆናል። ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ያለ ነጭ በር በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ የቅቤ መልክ ያወጣል። ለቡና ቀለም፣ ለግራጫ ወይም ለክሬም በር ይህ ችግር አይታይም። ሁለተኛ እጅ ለመቀባት ከ16 እስከ 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ቸኩሎ የደረበ ሰው ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ ያፍነዋል። ላዩ ይጨማደዳል፣ ከዚያም በቀላሉ ይነሳል።

የሚያቀጥነው አኳራጅ ነው። በአኳራጅ ፋንታ ነጭ ጋዝ የሚጠቀም አለ፤ ርካሽ ስለሆነ። ነጭ ጋዝ ቶሎ አይተንም፣ ቅባቱ በቀለሙ ውስጥ ይቀራል። በሩ ለሳምንታት እንደተለጣጠፈ ይቆይና የሚቀጥለው እጅ አይይዝበትም። ቤንዚን ደግሞ ቤት ውስጥ የእሳት አደጋ ነው። አኳራጁን ራሳችሁ ገዝታችሁ ስጡ።

ውሃ ቀለም ስንል ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የግድግዳው ፕላስቲክ ቀለም በር ላይ አይሆንም፤ ለስላሳ ስለሆነ በጥፍር ይጫራል፣ እጅ ያሳድፈዋል። ከግድግዳው የተረፈውን በር ላይ መጨረስ ከመላጥ ምክንያቶች አንዱ ነው። ለእንጨትና ለብረት የሚሠራው ውሃ-ወለድ ኢናሜል ግን ሌላ ነው። ነጩ ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ ሽታው ቀላል ነው፣ ሁለተኛው እጅ 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይቀባል። ድክመቱ ዘግይቶ መጠናቱ ነው። ሲነኩት በአንድ ሰዓት የደረቀ ይመስላል፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚመጣው ግን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። በዚያ መሃል ስኮች ቢለጠፍበት፣ ልብስ ቢሰቀልበት ወይም ጠበቅ ተደርጎ ቢዘጋ ይጎዳል።

ብርድ ለውሃ ቀለም ጠላት ነው። ውሃው ሲተን የቀለሙ ቅንጣቶች ተጠጋግተው አንድ ሽፋን መሆን አለባቸው፤ ለዚህ ሙቀት ይፈልጋሉ። አብዛኞቹ ጣሳዎች ላይ ዝቅተኛው 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተብሎ ይጻፋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ማቆም ይሻላል። ማታ የተቀባው በደንብ አይያያዝም።

ለእኔ ምርጫው እንዲህ ነው። ነጭ በር ከሆነ ውሃ-ወለድ ኢናሜል፣ ከሥሩ ትክክለኛ ፕራይመር። ጥቁረት ያለው ቀለም ከሆነ፣ ብዙ የሚታጠብ የኩሽና በርም ከሆነ ዘይት ቀለም። አንድ መደበኛ በር ሁለቱም ጎኑ ከነመቃኑ ወደ 5 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ቀለም ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን፣ ለአንድ በር ሁለት እጅ አንድ ሊትር ገደማ ይበቃል። በር አነስተኛ ቀለም ነው የሚፈልገው። ርካሽና ውድ ቀለም መካከል ያለው ልዩነት ከቀቢው ዋጋ አንጻር ብዙ አይደለም፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

የብረት መቃንና የላሜራ በር

ብዙ ቤት በሩ እንጨት፣ መቃኑ ብረት ነው። ጥቁር ብረት ከሆነ ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቅብ)፣ ከዚያ ዘይት ቀለም። ጋልቫናይዝድ (እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ) ከሆነ ግን ዘይት ቀለም በቀጥታ አይቀባበትም። ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ከቀለሙ ዘይት ጋር ተዋህዶ ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል። ቀለሙ ለጊዜው ያምራል፤ ከወራት በኋላ በሰፊው ይገለጣል። ለጋልቫናይዝድ የተሠራ ፕራይመር ወይም ውሃ-ወለድ ቀለም ነው የሚያስፈልገው። በሩ ጥሩ ሆኖ መቃኑ ብቻ የሚላጥባችሁ ከሆነ ይህንን ጠርጥሩ።

ራስ መሥራት ወይስ ቀቢ?

መፋቅና መፈግፈግ ጉልበት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። ጊዜ ያለው ሰው ይሄን ራሱ ሠርቶ የመጨረሻውን ቀለም ለባለሙያ ቢተው ጥሩ ነው። ቀቢ ስትይዙ በቁርጥ ከሆነ ቶሎ መጨረስ ይጠቅመዋል፤ የሚያሳጥረው ደግሞ ማንም የማያየውን ዝግጅት ነው። በቀን ከሆነ ሊጎተት ይችላል፤ ነገር ግን ለመፈግፈግ ጊዜ አለው። ለተላጠ በር በቁርጥ የምትስማሙ ከሆነ ክፍያውን ከፋፍሉት። ፍቆና ፈግፍጎ ሲጨርስ አንድ ክፍል፣ ፕራይመሩ ሲደርቅ አንድ ክፍል፣ ቀሪው በመጨረሻ። «ወንድሜ፣ ቀለም ከመክፈትህ በፊት ጥራኝ፣ ልየው» በሉት። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። ራሱ ፈግፍጎ በእጁ ዳስሶ የሚያሳይ ቀቢ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ፤ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም።

ሲቀባ ቀጭን ሁለት እጅ ከወፍራም አንድ እጅ ይሻላል። በሩ ከማጠፊያው ወርዶ ተኝቶ ቢቀባ ቀለም አይወርድበትም። እጀታው ይፈታ፤ እጀታ ዙሪያ በብሩሽ ተጠጋግቶ የተቀባ ቀለም መጀመሪያ የሚነሳው ነው።

ለበዓል ከሆነ

አብዛኛው ቤት የሚቀባው ለእንቁጣጣሽ ነው። ጊዜው ደግሞ ለበር የማይመች ነው። ነሐሴና ጳጉሜን አየሩ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ከ85 በመቶ በላይ ሲሆን ሁለቱም ቀለም በአግባቡ አይደርቅም። በዋዜማው የተቀባ በር በበዓሉ ቀን እንግዳ ይገባል ይወጣል፣ ማታ ይዘጋል፣ ጠርዙ ይጣበቃል። ቤታችሁን ለእንቁጣጣሽ የምታሳምሩ ከሆነ ግድግዳውን በነሐሴ መጨረሻ መቀባት ይቻላል። በሮቹን ግን ወይ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጨርሷቸው፣ ወይ ለመስቀል ማግስት ተዉአቸው።

የግድ መዘጋት ያለበት በር ካለ፣ ለምሳሌ የመታጠቢያ ቤት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሩ ከመቃኑ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ በጣት ስስ አድርጋችሁ የሕፃን ፓውደር ንኩበት። ገጾቹ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ሌሎቹን በሮች ማታ ማታ ገርበብ አድርጋችሁ ተዉአቸው። ወር እስኪሞላቸው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ። ከዚያ በኋላ በሳሙና ውሃ ማጠብ ይቻላል።